የአቶ ቢተው ኮት

ሽቷቸው ከራሳቸው ቀድሞ አራተኛ ፎቅ የሚደርስ፣ አቶ ቢተው የሚባሉ ባለሕንፃ ነበሩ። አንድ ቀን ከሚላን ያመጡትን ኮት ለብሰው፣ በሕንፃቸው በረንዳ ከወዳጆቻቸው ጋር ስለ ገበያ ያወራሉ። የኮቱ ስም የተጻፈበትን፣ ሲገዛ የሚፈታውን ጨርቅ ግን ከእጅጌው ላይ አላስፈቱትም።

«እኔ ለአንድ ቦርሳ ብዬ ፓሪስን ሦስት ቀን በእግሬ ዞሬያታለሁ» አሉ ወይዘሮ ውዳላት።

«የሕይወት ጣዕሙ እኮ እሱ ነው፣ እቴ» አሉ አቶ ቢተው፣ እጅጌያቸውን እያሳዩ።

በረንዳው ጥግ ላይ ልብስ የሚሰፋ ሰውዬ ፈገግ ሲል አዩት።

«አንተ፣ ምን ያስቅሃል? እስቲ ከእኔና ከኮቴ ማን ይበልጣል? እኔንም ሆነ ኮቴን ካቃለልክ የስፌት መኪናህን ተሸክመህ ከዚህ ትለቃለህ።»

ሰውዬው መርፌውን ደረቱ ላይ ሰካ።

«ጌታዬ፣ ማንንም አላቃልልም። ብቻ አሽከር የጌታውን ስም እየጠራ ነው የሚዞረው። ኮቱ የእርስዎን ስም የትም አልጻፈም፤ እርስዎ ግን የእሱን ስም እጅጌዎ ላይ ይዘው ይዞራሉ። ከአሽከርነቱ ባንድ ቅጽበት ላወጣዎት እችላለሁ። ታዲያ መቀሴ የሚቆርጠው እዚሁ በረንዳ ላይ ብቻ ነው።»