አልቃሿ የጠየቀችው

አንድ ሰው ነበረ፤ ሀብታምና ግጥም አዋቂ። ጥሩዓለም፣ ጥያቄሽን የዘለልኩት እንዳይመስልሽ። የዘይቤዎቹን ስም ከነትርጉማቸው ሸምድጄ ሳለ ግጥሙ ለምን አይገባኝም ነው ያልሽኝ። ይህም ሰው እንዳንቺ ነበር። ግጥም ሲነበብ ይህ ተነጻጻሪ ነው፣ ያ ግነት ነው፣ ያኛው ሰውኛ ነው ለማለት የሚቀድመው አልነበረም። ግጥሙ ምን እንደሚል ግን ጠይቆት የሚያውቅ የለም።

እናቱ ሞተችበት። በአገሩ የተመሰገነች አንዲት አሮጊት አልቃሽ አስጠራ። በዚያ አገር አልቃሽ ሙሾ ከማውረዷ በፊት ስለ ሟች ቤተ ዘመዱን ትጠይቃለች፤ በማታውቀው ሰው እንዴት ታስለቅሳለች? አሮጊቷም እናትህ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ አለችው። እሱ ግን መጀመሪያው ላይ ተነጻጻሪ፣ መሐሉ ላይ ግነት፣ መጨረሻው ላይ ድግግሞሽ እንዳይቀር ብሎ አዘዛት። ደግማ ብትጠይቀው ሰውኛም ጨመረላት።

እንደታዘዘችው አወረደች። ሟቿን ከፀሐይ አነጻጸረች፣ እንባውን ወንዝ አደረገች፣ ተራራውንም አስለቀሰች። ለቀስተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆመ፤ አንድ ዓይን እንባ አላቀረረም። ሰውየው ደነገጠ። እናቱ ሳይለቀስላት ልትቀበር ነው፤ በዚያ አገር ከዚህ የባሰ ውርደት የለም።

አልቃሿ ሙሾውን አቋርጣ ወደ እሱ መጣች።

«ልጄ፣ ዘይቤውን ተወውና አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። እመጣለሁ ብለህ የቀረህ ለታ እናትህ ምን ያደርጉ ነበር?»

ሰውየውም፣ «የግቢውን በር ሳትዘጋ ታድራለች» አላት። «ጎረቤት ለምን ሲላት፣ መወርወሪያው ተሰብሮ ነው ትላለች። መወርወሪያው እኮ ደህና ነበር።»

አልቃሿ ተመለሰችና፣ በሩን ማን ከፍቶ ይደር፣ በሩን ማን ከፍቶ ይደር እያለች አወረደች። ለቀስተኛው ሁሉ አነባ። ሰውየውም መሬት ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የዘይቤውን ስም አልጠራም። ድግግሞሽ ነበር፤ ራሱ ያዘዘው።

ጥሩዓለም፣ አንቺም እንደ እሱ ስለ ሟቹ ሳትጠይቂ ሙሾ ታዢያለሽ። ስሞቹን ጣያቸው አላልኩሽም፤ ፈተና ላይ ይመጣሉ፣ ደግሞም ደህና ስሞች ናቸው። ግጥም ስታነቢ ግን በመጀመሪያ እንደ አልቃሿ ጠይቂ፤ ማን ሞተ፣ ማን ቀረ፣ በሩ ለማን ተከፍቶ አደረ? ያ ከገባሽ ገጣሚው ቃሉን ለምን እንደደጋገመው ማንም ሳይነግርሽ ታውቂዋለሽ፤ ስሙንም ያን ጊዜ ትጠሪዋለሽ። በይ አሁን ደብተርሽን ዝጊና ያን አልገባኝም ያልሽውን ግጥም ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ።