ቅቤ የጠገበችው ጥይት

መስቀል በጨበጠ እጅ ስለ ጥይት ማውራት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ እናንተም ይቅር በሉኝ። ጥፋቱ የንስሐ ልጄ የቢያድግልኝ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ያዘኝና፣ «አባ፣ እኔ ሰው አልገደልሁም፤ አውሬም አላድንም። ደስታዬ በዓል ሲመጣ ዒላማ መምታት ብቻ ነው። አሁን ጥይት ከገበያ ጠፋ፤ የተገኘውም እሳት ሆነ። እንዴት አድርጌ ልቻለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ጾም ጠይቆኝ ቢሆን ከመጽሐፍ በመለስሁለት ነበር። የጠየቀኝ ስለ ጥይት ነውና ይህን ነገርሁት።

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። ሁለት ጥማድ በሬ፣ አንዲት ሚስትና አንድ አሮጌ ምንሽር ጠመንጃ ነበረው። በሬዎቹን ለእርሻ፣ ምንሽሩን ለዒላማ ይወዳቸዋል። ሚስቱንም ይወዳታል፤ ለምን እንደሆነ ግን ቁጭ ብሎ አስቦበት አያውቅም።

በዚያ አገር የደብሩ ንግሥ ባለፈ ማግሥት ወንዶቹ ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ ደረቁ ወንዝ ይወርዳሉ። ማዶ ገደሉ ሥር ቅል ይሰቀላል። ተራ የደረሰው ይነሣል፤ ይፎክራል፤ ይተኩሳል። ቅሉን የመታ ሰው ወንዙ ዳር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ የሚበልጠው መጥቶ እስኪያስነሣው ድረስም ድንጋዩ የእርሱ ነው። ይህ ገበሬ ዘጠኝ ዓመት ተቀመጠበት። በዚያ ድንጋይ ላይ ሆኖ ሲናገር የሚያቋርጠው አልነበረም። ቤቱ ሲገባ ግን ያው ያቋርጡታል።

በኋለኞቹ ዓመታት ግን የጥይት ዘመን ከፋ። መጀመሪያ አንዲት ጥይት በአንዲት ዶሮ ትለወጥ ነበር። ቀጥሎ በበግ ሆነች። በመጨረሻም ዋጋዋን የጠየቀውን ሰው ነጋዴው፣ «እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በል» ይለው ጀመር።

ጥይቱ ባጠረ ቁጥር ፉከራው ረዘመ። ድሮ ሰው ሁለት ቃል ፎክሮ ይተኩስ ነበር። አሁን ከቅድመ አያቱ ተነሥቶ ዘር ማንዘሩን ይቆጥራል፤ ጎራዴ የሌለው ጎራዴውን ያወድሳል፤ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል፣ «ምን ላድርግ፣ ለዓይን ያዘብኝ» ብሎ ይቀመጣል።

ገበሬውም አንዲት ጥይት ብቻ ቀረችው። የቀረውን ዝናሩን በባዶ ቀለህ ሞላው፤ በየቀለሁ አፍ ላይ የወይራ እንጨት ቀርጾ ሰካበት። ከሩቅ ያየው አገር ሊያቀና የሚዘምት ይመስለው ነበር። እውነተኛዋን ጥይት ግን በባዘቶ ጠቅልሎ ያዛት። ሲወጣ ከኪሱ፣ ሲገባ ከትራሱ ሥር ናት። ዝገት እንዳይነካትም በየሳምንቱ ለጋ ቅቤ ይቀባታል። አባቱ ጠመንጃውን ቅቤ ሲቀባ አይቶ አድጓልና፣ ለጠመንጃ የበጀ ለጥይት የማይበጅበት ምክንያት አልታየውም።

ሚስቱ አንድ ቀን፣ «አንተ ሰውዬ፣ የእኔ ጠጉር እንደ በጋ ሣር ደርቆ ይቺ እመቤት ትቀባለች?» አለችው።

«ተያት። የቀረችኝ እሷ ናት።»

«እኔስ?»

«ያንቺ ዋጋ አልጨመረም» አላት። ያን ሳምንት ራቱን ራሱ አሞቀ።

በመጀመሪያው ዓመት ተራው ሲደርስ ዓይኑን እንዳመመው ተናግሮ አለፈ። በሁለተኛው ዓመት፣ «አጎቴ ሞቶብኝ ሐዘን ላይ ነኝ» አለ። ሟቹ አጎት ከተመልካቹ መካከል ቆሎ ይቆረጥም ነበር፤ ደግ ሰው ነውና ነገሩ ሲገባው መቆርጠሙን አቁሞ አንገቱን ደፋ። ሌላውም ተኳሽ የየራሱ ሕመምና የየራሱ ሟች ስለነበረው ድንጋዩን ከገበሬው የወሰደበት አልተገኘም።

በሦስተኛው ዓመት የዒላማው ዳኛ፣ አንድ ሽማግሌ፣ በምርኩዛቸው መሬቱን መቱና፣ «ዘንድሮ የታመመም የሞተም የለም!» አሉ። «ተራው ደርሶ ያልተኮሰ ከተኳሾች ተራ ይወጣል፤ ዳግመኛም ከዚህ ዒላማ ፊት አይቆምም። መጀመሪያ ባለ ድንጋዩ!»

ገበሬው ተነሣ። ቢተኩሳት ባዶ እጁን መቅረቱ ነው። ባይተኩሳት ዘጠኝ ዓመት የተጠራበት ስሙ ከዚያው ከወንዙ አሸዋ ላይ ሊቀር ነው። ለመፎከር አፉን ከፈተ፤ አንድም ቅድመ አያት አልመጣለትም። ባዘቶውን ፈታ። ጥይቷን ሲያወጣት ከጣቱ ሙልጭ ብላ ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ ሁለት ጊዜም አንሥቶ በጋቢው ጠረጋት። ምንሽሩን አጎረሰ፤ አነጣጠረ፤ እንደ ተሰናባች ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠና ቃታውን ሳበ።

ቀጭ።

ምንም የለም። እንደ ወጉ፣ ዘግይታ ትፈነዳ እንደሆነ ብሎ፣ አፈሙዙን ከገደሉ ሳያነሣ ጥቂት ጠበቀ። መልሶ ወጠረና ሳበ።

ቀጭ።

ዳኛው ቀረቡና ጥይቷን አስወጥተው ተቀበሉት። ወደ ብርሃን አዙረው አዩዋት፤ ከዚያም አሸተቷት። «ልጄ፣ ቅቤው እስከ ባሩዱ ዘልቋል» አሉት። «ይቺማ ሽንኩርት ብቻ ነው የጎደላት።»

ገበሬው ሰው ሁሉ ሊስቅበት ነው ብሎ ጠበቀ። ግን ከሳቁ በፊት ሌላ ነገር መጣበት። ሦስት ዓመት ሙሉ ደረቱ ላይ ተቀምጦ የነበረ አንድ ከባድ እንግዳ ተነሥቶ ሲሄድ ተሰማው። ከእንግዲህ ከትራሱ ሥር የሚዳብሳት የለችም። ትጠፋብኛለች የሚላትም የለችም። እስኪበቃው ድረስ ተነፈሰ፤ ለካስ እስከዚያች ቀን ድረስ ግማሽ ግማሽ ነበር የሚተነፍሰው።

በዚህ መካከል ከሴቶቹ በኩል እልልታ ቀለጠ። ሚስቱ ናት። «እልልልል! ጣውንቴ ሞተችልኝ! እሰይ! ነገ ራሴን እቀባለሁ!»

ያኔ ወንዙ በሳቅ ተሞላ። ቀጣዩ ባለ ተራ ከዝናሩ ብዛት የተነሣ ጎንበስ ማለት የሚቸግረው አንድ ሀብታም ነበር። እርሱ ግን አልሳቀም። ዝናሩን ዳበሰና፣ «እኔስ ምን እደብቃለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወይራ ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ጥሩ ወይራ ነው ግን።»

ከኋላው አንዱ፣ «አንተስ ታድለሃል! የእኔ የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ያብጣል» አለ። ከዚያ በኋላ መናዘዙን የሚያስቆመው ጠፋ። ባለ ጠመንጃው ሁሉ ዝናሩን እየፈታ አሳየ፤ እኔ ሠላሳ ዓመት ሳናዝዝ እንደዚያ ያለ ንጹሕ ኑዛዜ ሰምቼ አላውቅም። በመጨረሻ ዳኛውም፣ «እኔም ባዶዬን ነኝ፤ ምክንያት የለም ያልሁት እናንተ ስትተኩሱ ተራዬ ሳይደርስ ይመሻል ብዬ ነበር» አሉ።

ገበሬው ምንሽሩን አስደግፎ ከወገቡ ዝንጀሮ የሚያባርርበትን ወንጭፍ ፈታ።

«ኧረ አያ!» አለው አንዱ። «ወንጭፍኮ ማሽላ ለሚጠብቅ ነው!»

«ዘጠኝ ዓመት ድንጋይ ስጠብቅ ምነው ዝም አልከኝ?» አለውና ቅሉን ወዲህ አስጠግተው እንዲሰቅሉት አደረገ። ወነጨፈ፤ ሳተ። ወነጨፈ፤ ገደሉን መታ። በዐሥራ አራተኛው ቅሉ ለሁለት ተከፈለ። ሌላ ቅል ሰቀሉ። ሀብታሙ ዝናሩን አውልቆ መጣ። ዳኛው ምርኩዛቸውን ለሟቹ አጎት አስይዘው ተራ ጠየቁ። ሦስት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ያልተኮሰው ሰው በዚያ ከሰዓት በኋላ ክንዱ እስኪዝል አርባ ጊዜ አነጣጠረ። ወንዙ ሙሉ ጠጠር ነበር፤ ዋጋውንም የጠየቀ የለም። ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ያን ቀን ማንም አልተቀመጠም፤ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ጠጠር ይለቅም ነበርና።

ነገሩ ይኸው ነው። ወደ ቢያድግልኝ ዞር ብዬ እንዲህ አልሁት። «ልጄ፣ ይህ ምሳሌ ሦስት ትርጉም ነበረው፤ ሁለቱን ረስቻቸዋለሁ። የቀረው ይህ ነው። ያ ገበሬ አንተ ነህ። ዒላማ መምታት ትወድ ነበር፤ ዘመኑ ሲከፋ ዒላማውን ትተህ ጥይት ጠባቂ ሆንህ። የታጣው ነገር የታጣ ነው፤ እርሱን ገበያው ይወቅበት። የቀረችህን ግን እንዳታልቅ ፈርተህ እያሸህ አትግደላት። ልትተኩሳት ከሆነ ተኩሳትና እረፍ። አለዚያም ዓይንህና ክንድህ አልተወደዱምና ጠጠር ልቀም።»

ቢያድግልኝ ኪሱን ዳበሰ። «አባ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «የእኔስ በኑግ ዘይት ነው።»

«ስንት ዓመት?»

«አራት።»

«እግዜር ይፍታህ» አልሁትና ሁለታችንም ከት ብለን ሳቅን። አራት ዓመት እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም ነበር።

እንግዲህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ይህን ለማንም አታውሩ። ያን አገር እስከ ዛሬ ሌባ የማይደፍረው ዝናሩን ከሩቅ እያየ ነው። የታጠቁት ወይራና ቆረቆንዳ መሆኑ ከተሰማ፣ የዚያን ሁሉ ሰው በሬ ማን ያስጥላል?