ያለ መንታ አልናገርም ያለው ዲስክ

ተረት ተረት ልላችሁ ነበር። ነገር ግን የምነግራችሁ ሀዘን ነውና የላም በረቱን ተዉልኝ፤ ዝም ብላችሁ ስሙ። አንድ ነገር አሥር ጊዜ ብደጋግም አትቆጡኝ። ችግር ራሱ አንዴ ተናግሮ የሚሄድ እንግዳ አይደለም።

ጨፌ አምባ በምትባል ከተማ እትዬ ትርንጎ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ህብስቴ ናት። ህብስቴ በከተማዋ ሬዲዮ ጣቢያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ማስታወቂያ ታነብ ነበር፤ የጠፋ በሬ፣ የተላለፈ ስብሰባ፣ የቀብር ሰዓት። ከሦስት ወር በፊት የሳምባ ምች ያዛትና በአምስተኛው ቀን ሞተች። ለእናቷ ፎቶግራፏ ቀረላቸው፤ ቀሚሷም ቀረላቸው። አንድ ቀን ግን ከእንቅልፋቸው ነቅተው ድምፅዋን ለማስታወስ ቢሞክሩ አልመጣ አላቸው። ደነገጡ። ልጃቸው ሁለተኛ ጊዜ የሞተችባቸው መሰላቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ሄዱ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ልስማት» አሉ። «ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ይህችን ታህል ነገር ናት የለመኑት። የጣቢያው ቴክኒሻን ዘቢባ ትባላለች፤ ከሌላ ከተማ መጥታ ከተቀጠረች ገና ሁለት ወሯ ነው። «እሺ እማማ፣ አላህ ያጽናዎት» ብላ ኮምፒውተሩን አበራችው። ውስጡ ያለው ዲስክ ቷ፣ ቷ፣ ቷ እያለ አንኳኳ። ዘቢባ ጆሮዋን አስጠጋች፤ ወዲያው አጠፋችው።

«እማማ፣ የህብስቴ ድምፅ ያለው እዚህ ዲስክ ላይ ብቻ ነው፤ ዲስኩ ደግሞ ሊሞት ነው። አሁን ከፍቼ ላሰማዎት ብል፣ መሐል ላይ ቀጥ ካለ ከዚያ ወዲያ የለችም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል ልጄ?»

«መንታ እናምጣለት። አዲስ ዲስክ አጠገቡ አስገባለሁ፤ ይኼ የያዘውን ሁሉ ያም ይይዛል። ከዚያ በኋላ አንዱ ቢሞት ሌላው ይናገራል።»

እንግዲህ ዲስኩ ያለ መንታ አልናገርም አለ፤ እትዬ ትርንጎም ሳይሰሙ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ አቶ ሲራክ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። በከተማችን ለኮምፒውተር በሽታ ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ቢዘገይም፣ ቢሞቅም፣ ቢያንኳኳም ፎርማት ይደረጋል፤ በውስጡ ያለው ሁሉ ተጠርጎ ባዶ ይሆናል።

«ፎርማት አድርጊውና ገላግይን! ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫኚበት» አሏት።

«አይሆንም አቶ ሲራክ። ፎርማት ካደረግኩት ድምፅዋ ይጠፋል፤ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ከጫንኩም መቅጃው ፕሮግራም ይጠፋል። ፕሮግራሙ አሮጌ ነው፤ መጫኛው ሲዲ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። የህብስቴን ቅጂዎች ደግሞ ከሱ በቀር የሚከፍታቸው የለም። እንግዲህ ምንም ሳናፈርስ፣ ጣሪያውን የምንቀይረው ሰዎቹ ቤቱ ውስጥ እንዳሉ ነው።»

አዲሱ ዲስክ መጣ። ዘቢባ ካሮጌው አጠገብ አስገባችው፤ እሱም ዝም አለ። ጎን ለጎን መቀመጥ መንታ አያደርግማ! ቢያደርግ ኖሮ የአውቶብስ ተሳፋሪ ሁሉ ወንድማማች ነበር። ሁለት ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያስር ሬይድ የሚባል ዘዴ አለ፤ እሱ ያስፈልጋል። እናም መንታው ያለ ሬይድ አልታሰርም አለ፤ ዲስኩ ያለ መንታ አልናገርም አለ፤ እትዬ ትርንጎም ሳይሰሙ ቤታቸው ተቀመጡ።

ዘቢባ ሬይዱን ፈለገች። ሬይዱ የሚገኘው ባዮስ ዘንድ ነው። ባዮስ ማለት ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውሱ ቀድሞ የሚነሣ የበር ዘበኛ ነው፤ እሱ «ሁለቱ አንድ ላይ ይግቡ» ካላለ የሚሆን ነገር የለም። ሬይዱ ያለ ባዮስ አላስርም አለ፤ መንታው ያለ ሬይድ አልታሰርም አለ፤ ዲስኩ ያለ መንታ አልናገርም አለ፤ እትዬ ትርንጎም ሳይሰሙ ተቀመጡ።

ዘቢባ ባዮሱን ከፍታ ሬይድ የሚለውን መረጠች። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በራ፤ ስክሪኑም ድንገት ሰማያዊ ሆነና ቀጥ አለ። ዘቢባ ቀጥ ያለው የራሷ ልብ መሰላት። ባዮሱን ወደ ነበረበት መለሰችው፤ ዊንዶውሱም እያቃሰተ ተነሣ። ነገሩ ገባት። ሬይዱን የሚያስተዋውቅ ድራይቨር የሚባል አስተርጓሚ አለ፤ እሱ ተኝቷል። አስተርጓሚው ተኝቶ በሩ ቢቀየር ዊንዶውሱ የገዛ ዲስኩን አያውቀውም። ቀድሞ መንቃት ያለበት ድራይቨሩ ነው።

እናም ባዮሱ ያለ ድራይቨር አላሳልፍም አለ፤ ሬይዱ ያለ ባዮስ አላስርም አለ፤ መንታው ያለ ሬይድ አልታሰርም አለ፤ ዲስኩ ያለ መንታ አልናገርም አለ። ዲስኩ ማንኳኳቱንም አበዛው።

ድራይቨሩን የሚቀሰቅሰው ዊንዶውሱ ነው። ዘቢባ ስትጠይቀው ዊንዶውሱ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል አምጪ አላት። የዕለቱን ሥራ ማንም ይሠራበታል፤ እንዲህ ያለውን ነገር ግን የሚያዝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም መኳንንት ነው። መኳንንት ይህን ኮምፒውተር ከመጀመሪያው ያቆመው የድሮው ቴክኒሻን ነው። ጥቅምት ላይ ሥራውን ጥሎ ወጥቷል፤ አሁን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ቴፕና ስልክ ይጠግናል። ዘቢባ ሄደችበት።

«የይለፍ ቃሉን አልረሳሁትም» አላት፤ ቀና ብሎም አላያት። «ለዚያ ቤት ግን አፌን አልከፍትም።»

«ምን አደረጉህ ወንድሜ?»

«ያደረጉትን ራሳቸው ይንገሩሽ። ዝም በሉ ያለው ሰው መጥቶ እናቴን ካላለቀሰልኝ፣ ከኔ ዘንድ ቃል የለም።»

እናም የይለፍ ቃሉ ያለ መኳንንት አልገኝም አለ፤ ዊንዶውሱ ያለ ይለፍ ቃል አልቀሰቅስም አለ፤ ድራይቨሩ ያለ ዊንዶውስ አልነቃም አለ፤ ባዮሱ ያለ ድራይቨር አላሳልፍም አለ፤ ሬይዱ ያለ ባዮስ አላስርም አለ፤ መንታው ያለ ሬይድ አልታሰርም አለ፤ ዲስኩ ያለ መንታ አልናገርም አለ፤ እትዬ ትርንጎም ሳይሰሙ ተቀመጡ። ደከማችሁ? ዘቢባ ደግሞ ይህን ሁሉ በእግሯ ነው የተመላለሰችው።

ዘቢባ አቶ ሲራክን ያዘቻቸው። አቶ ሲራክም ሳይወዱ አወጡት። ጥቅምት ላይ ተራራው አናት ያለው ማሰራጫ ተበላሽቶ መኳንንት ሊጠግን ወጣ። እሱ እዚያ ሳለ እናቱ ወይዘሮ ባንቺይርጋ በድንገት አረፉ። ወጋችንን ታውቁታላችሁ፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ መንገድ ላይ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩቶ ነው የሚያረዳው። ስለዚህ ሁሉም ዝም አለ። አቶ ሲራክ ብቻ ስልክ ደወሉለትና «ቶሎ በል፣ የቀብር ማስታወቂያ አለን» አሉት፤ የማን እንደሆነ ሳይነግሩት። ልጁም እጁ እየደማ ጠገነው። የእናቱ የቀብር ሰዓት እሱ በጠገነው ማሰራጫ ተነገረ፤ ከተማው በሙሉ ሰምቶ ወጣ። እሱ ግን ተራራው ላይ ሬዲዮ አልነበረውም። በዘጠኝ ሰዓት ቀበሯቸው። እሱ ማታ ከተራራው ወርዶ ተኛ፤ በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ በሩን አንኳኩ።

«ዝም በሉ ያለው ማን ነው?» አለች ዘቢባ።

«እሱን ተይኝ።»

«አቶ ሲራክ፣ ስሙን ካልነገሩኝ እኮ ዲስኩ ሊሞት ነው።»

«አልናገርም አልኩሽ! ሀዘንተኛ ላይ ሌላ ሀዘን አልጭንም።»

በሦስተኛው ቀን እትዬ ትርንጎ ሊጠይቁ መጡ። ዘቢባ አስቀመጠቻቸውና ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገረቻቸው። «አቶ ሲራክ ስሙን አልጠራም አሉ፤ መኳንንት ሰውየው ካልመጣ አልሰጥም አለ፤ የይለፍ ቃሉ ያለ መኳንንት አልገኝም አለ፤ ዊንዶውሱ ያለ ይለፍ ቃል አልቀሰቅስም አለ፤ ድራይቨሩ ያለ ዊንዶውስ አልነቃም አለ፤ ባዮሱ ያለ ድራይቨር አላሳልፍም አለ፤ ሬይዱ ያለ ባዮስ አላስርም አለ፤ መንታው ያለ ሬይድ አልታሰርም አለ፤ ዲስኩም ያለ መንታ አልናገርም አለ፣ እማማ።»

ከዚህ ሁሉ እትዬ ትርንጎ የገባቸው የመኳንንት ስም ብቻ ነው። ወደ አቶ ሲራክ ዞር አሉ። አቶ ሲራክ መሬት መሬት ያያሉ። እትዬ ትርንጎ የባንቺይርጋ ጎረቤት ነበሩ፤ በእድሩም በዕድሜ የሚበልጣቸው ሴት አልነበረም። ያን ቀን ሰው ሁሉ «ምን እናድርግ?» ብሎ የጠየቀው እሳቸውን ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ዝም በሉ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ተነሡና ብቻቸውን ወደ ወፍጮ ቤቱ ወረዱ።

እዚያ ሲደርሱ ደጁ ላይ ቆመው ጮኸው አለቀሱ፤ ልክ ሬሳው ገና እንዳልወጣ ሁሉ። «ባንቺይርጋ! እህቴ ባንቺይርጋ! ጎረቤቴ!» መኳንንት የያዘውን መፍቻ እንደጨበጠ ወጣ።

«ገደል አፋፍ ላይ ነህ ብዬ ነው መኳንንት» አሉት። «ሰምተህ እንዳትወድቅ ፈርቼ ነው። እናትህን እንዳትቀብር ያደረግኩህ እኔ ነኝ። በድዬሃለሁ።»

መኳንንት መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«አፈር እንኳ አላለበስኳትም፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«ህብስቴ ስትሞት እኔም መጥቼ ነበር። ድንኳናችሁን ከሩቅ አይቼ ተመለስኩ። እልህ ያዘኝ።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱም የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፤ እሳቸው ለባንቺይርጋ፣ እሱ ለህብስቴ። ይቅር አላቸው ወይ ብትሉኝ እኔ እንጃ። በአንድ ልቅሶ የሚሽር ነገር አይደለም። ጫማውን ግን አደረገ።

መኳንንት የይለፍ ቃሉን ጻፈ፤ የይለፍ ቃሉ ዊንዶውሱን አዘዘ፤ ዊንዶውሱ ድራይቨሩን ቀሰቀሰ፤ ድራይቨሩ ሲነቃ ባዮሱ አሳለፈ፤ ባዮሱ ሲያሳልፍ ሬይዱ አሰረ፤ ሬይዱ ሲያስር መንታው ካሮጌው ዲስክ ይቀዳ ጀመር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ቀዳ። ዘቢባና መኳንንት ስክሪኑ ላይ ቁጥር ይቆጥራሉ፤ እትዬ ትርንጎ የዲስኩን ማንኳኳት ያዳምጣሉ። ስድሳ ስምንት ከመቶ ላይ ማንኳኳቱ ጸጥ ሲል ሦስቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ፤ ቷ ሲል መልሰው ተነፈሱ። እንደዚያ አድርጎ አዘልቆ ጨረሰ። አሮጌው ዲስክ በሳምንቱ ሞተ፤ መንታው ግን ሁሉን ይዞ ነበር።

«የቱን ልክፈትልዎት?» አለች ዘቢባ።

«የትኛውም ይሁን።»

ከፈተች። መጀመሪያ የወረቀት መንኮሻኮሽ ተሰማ፤ ከዚያ ሳል፤ ከዚያም ህብስቴ፣ «ቆይ መኳንንት፣ አትቅዳ። ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ውሃ ስጡኝ» አለች።

እትዬ ትርንጎ «እሺ የኔ እናት፣ መጣሁ» ብለው ብድግ አሉ። እጃቸው የበሩን መያዣ ይዞ ሳለ ነው ትዝ ያላቸው። እዚያው ፊታቸውን ወደ በሩ እንዳዞሩ ቀሩ። ዘቢባ ልታጠፋው እጇን ስትሰድ መኳንንት ያዛት።

ህብስቴ ትንሽ ጠበቀች። ውሃ የሚያመጣላት ጠፋ መሰለኝ። «ግድ የለም፣ ያለ ውሃም አነባለሁ» አለችና ማንበብ ጀመረች፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቀይ በሬ ጠፍቷል፣ ያየ ሰው ለባለቤቱ ይንገር። እናቷ በሩን እንደያዙ እስከ መጨረሻው ሰሟት።

ተረቴን ጨረስኩ። ዳቦውን ተዉት፤ ለኔም ውሃ ብቻ ስጡኝ።