የብራና ፋቂው ልብ

አንድ ሰው ነበረ፤ ብራና ፋቂ። ቫልቭ የሚሉት የልቡ በር ላልቶ ትንፋሽ ሲያሳጥረው፣ ሐኪሞች ደረቱን ከፍተው ከበሬ የተሠራ በር ተኩለት።

ሐኪሙ አስቀድሞ አስረድቶት ነበር። «የበሬውን ሕዋስ አጥበን አውጥተነዋል፤ የቀረው ማገሩ ብቻ ነው። እሱንም የራስህ አካል ቀስ እያለ ይለብሰዋል» አለው። ሰውየው ግን «በሬ» ከሚለው ቃል ወዲያ ጆሮው አልሠራም።

ትንፋሹ ተመለሰ፤ አቀበቱንም ያለ እረፍት ወጣ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ጭንቅ ያዘው። «ደረቴ ውስጥ ፍስክ ተሸክሜ እንዴት ልጹም?» አለ። ይህን የሚለው ለራሱ ነው። እሱ አንድ ሰው እንኳ ቢጠይቅ ኖሮ እኔም ይህን ሁሉ ባላወራሁ!

ቅዳሴውን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ቆሞ ይሰማል። ሌሎቹ ለሰንበቴ ማዕድ ሲቀመጡ፣ እሱ ቤቱ ገብቶ ቆሎውን ብቻውን ይቆረጥማል። ባልንጀሮቹ ሲጠሩት «አሞኛል» ይላል። እውነትም አሞት ነበር፤ ሰው ናፍቆት። ልቡ እንደዚያ ደህና ሆና ስትመታ፣ «እንዴት ዋልክ» የሚለው አልነበረም።

አንድ እሑድ ቄሱ ወደ ቅጥሩ በር ወጥተው ምን እንደ ሆነ ጠየቁት። አንገቱን ደፍቶ ነገራቸው። አልተቆጡትም። ገብተው ዳዊት ይዘው ተመለሱ፤ እሱ ራሱ በፋቀው ብራና ላይ የተጻፈ ዳዊት። ደረቱ ላይ፣ ከጠባሳው ላይ አሳረፉት።

«ፍየሏ የት አለች?» አሉት።

«የምን ፍየል አባቴ?»

«የዚህ ቆዳ ባለቤት።»

«እሷንማ ዘፍዝፌ፣ ወጥሬ፣ ጸጉሯንና ሥጋዋን ፍቄ አወጣኋት። ይኸ አሁን ዳዊት ነው እንጂ…»

እጁን ዳዊቱ ላይ ጫነ። ከዚያ አለቀሰ። ቄሱ እጁን ይዘው ወደ ሰንበቴው አስገቡት። ባልንጀሮቹ ያን ሁሉ ሳምንት ቦታውን ክፍት ትተውለት ኖሯል።

አንቺም ልጄ፣ «የሞተ ሰው የለገሰውን በር ልቤ ላይ ሊገጥሙልኝ ነው፤ የማንን ልብ ይዤ ልኖር ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ያም በር ታጥቦ ነው የሚመጣልሽ። ሟቹ ብራናውን ትቶልሻል፤ የሚጻፍበት ያንቺው ነው። ጸልዪለት እንጂ አትፍሪው። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ ይህ ነገር ከተነገረሽ ወዲህ ከሰው ጋር መብላት ትተሻል አሉኝ። ነይ፣ እጅሽን ታጠቢ፤ ምሳ ቀርቧል።