ስለ ድመት የተማለ ጉርሻ

በአንድ ወቅት፣ ውሃን እንኳ አጥባ የምትጠጣ፣ እትዬ የሻረግ የምትባል ተጸያፊ ሴት ነበረች። ዝንብ ከሦስተኛው ጎረቤት ካረፈች እሷ ወጧን ትደፋለች። ከሰው እጅ ጎርሳ አታውቅም፤ በሠርጓ ቀን ሙሽራው ጉርሻ ቢዘረጋላት «አስቀምጠው፣ መጀመሪያ ልየው» አለችው ይባላል።

ከመንደሩ ዳር ደግሞ ሦስት ቆዳ ፋቂ ወንድማማቾች ነበሩ፤ ሽመክት፣ ደርብና ማንደፍሮ። አገሩ ጫማውንም ጠፍሩንም ከእነሱ ይወስዳል፤ ማዕዳቸውን ግን አይቀርብም። ለምን ቢሉት «እትዬ የሻረግ ትጸየፋቸው የለ!» ይላል።

የሻረግ የማትጸየፈው ፍጥረት ቢኖር ድመቷን ሹሜን ብቻ ነው፤ የዘር ጤፏን ከአይጥ የምትጠብቅላት እሷ ናትና። አንድ ቀን ታዲያ ሹሜ ጥጃ የሚያክል አይጥ ባንዴ ልዋጥ ብላ ጉሮሮዋ ላይ ተቀረቀረባት። ጅራቱ እንደ ጅራፍ ከአፏ ተንጠልጥሎ፣ ዓይኗ ፈጦ፣ ዘፍ አለች። ጎረቤቱ አፍንጫውን ይዞ ከበባት እንጂ የነካት የለም። የሻረግም እጇን ዘረጋች፤ ልሃጩን ስታይ መልሳ ሰበሰበችው።

«ኪዳነ ምሕረት ምስክሬ ናት! ያዳነልኝን ሰው፣ አገር እያየኝ ከእጁ አንዲት ጉርሻ እጎርስለታለሁ!» ብላ ጮኸች።

ወንድማማቾቹ እርጥብ ቆዳ ተሸክመው ሲያልፉ ሰሙ።

ሽመክት ሸክሙን ወርውሮ ጣቱን እስከ ድመቷ ጉሮሮ ሰደደ። ጅራቱ እጁ ላይ ተበጠሰ። ቢቸግረው የአይጡን ቂጥ በጥርሱ ነክሶ ጎተተው። አይጡ ከትናንትናና ከትናንት ወዲያ እራቷ ጋር ዱብ አለ። የሻረግ «ወይኔ አንጀቴ!» ብላ ፊቷን አዞረች።

ሹሜ ግን ትንፋሽ የላትም። ደርብ አፍንጫዋን ጎርሶ ንፍጡን መጦ ተፋ፤ ከዚያ እንደ ወናፍ ቀስ እያለ እፍ፣ እፍ አለባት። ደረቷ ብድግ አለ።

«እንዴት ነው፣ ይጣፍጣል?» አለው አንዱ ቀልደኛ።

«የቤትህን ወጥ አቅምሰኸኝ ቢሆን አወዳድርልህ ነበር» አለው።

ትንፋሿ ቢመለስም ገላዋ በረዶ ሆኖ ይንዘፈዘፋል። ማንደፍሮ ብብቱ ውስጥ ከትቶ ጋቢውን ደረበባት። በጣቱ ወተት እያላሳት፣ እሷ ከላይ ስታስመልስበት፣ ከታች ስትለቅበት፣ በእግሯ እስክትቆም ሳይነቃነቅ ሰነበተ። ጅብ እንኳ ሽታውን ፈርቶ መንገድ ቀየረ አሉ።

ሹሜ ዳነች። የሻረግም ገበታውን ዘረጋች። አገሩ ተሰበሰበ፤ ከእጁ የጎረሰችለትን ሰው ከእንግዲህ ማን ምን ብሎ ይሸሸዋል?

«አይጡን ባላወጣው በምን ትተነፍስ ነበር?» አለ ሽመክት።

«ባትተነፍስ ሬሳ ልታሞቅ ኖሯል?» አለ ደርብ ወደ ማንደፍሮ ዞሮ።

«ባላሞቃት ያው ሬሳ አይደለች?» አለ ማንደፍሮ።

«ሦስቱም ያጉርሱሽ፣ እትዬ!» አለ ከወደ ኋላ አንዱ።

«የማልኩት አንዲት ነው! ሁለተኛዋ ከመጣች ለእኔም ከጉሮሮዬ የሚጎትትልኝ ፈልጉ!»

ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች። ሦስት ጉርሻ ፊቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አንዱ የአይጥ ቂጥ ከነከሰው፣ አንዱ ንፍጥ ከመጠጠው፣ አንዱ በብብቱ ጉድ ከተሸከመው ሰው እጅ። ሹሜ ከሥር ሆና ሦስቱንም በየተራ ታያለች።

እናንተ እጃችሁን ታጥባችሁ የተቀመጣችሁ፣ እስቲ ፍረዱ፤ የሻረግ ከማን እጅ ትጉረስ?