የሉባባ ጁምዓ

ምስጋና ሕመሙንም ሽረቱንም ለሚያውቀው ጌታ ይሁን፤ ሰለዋት በነቢያችን ላይ ይውረድ።

መስጂዷ ከመንገዷ በፊት የተሠራ አንዲት የድሮ ከተማ አለች። ስሟን ልተወው፤ ሰዎቹ አሉና። እዚያች ከተማ ሸህ አረቡ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ጠዋት ጨርቅ ይሸጣሉ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ መስጂዱ በረንዳ ላይ ደረሳዎችን፣ የሃይማኖት ተማሪዎችን፣ ኪታብ ያቀራሉ። የተቀደደ ጨርቅ ካላቸው ቀዳዳውን ወደ መንገድ አዙረው ነው የሚሰቅሉት፣ ገዢው ከሩቅ እንዲያየው። ሐጅ የሚሄድ ሰው የቤቱን ቁልፍ ለሳቸው ትቶ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ነገር ከተናገረ ደግሞ ማን ይመልሰዋል? ችግሩም የመጣው ከዚሁ ነው።

በሰፈራቸው ሉባባ የምትባል በርበሬ ሻጭ ነበረች። ጡቷ ላይ እብጠት ሲወጣ ዝም ብላ ቆየች፤ እኛ ሴቶች እንደምናደርገው ማለት ነው፣ ዛሬ ገበያ ነው፣ ነገ እንግዳ አለ እያልን። ሐኪም ቤት ስትገባ በሽታው አጥንቷ ውስጥ ደርሷል። ሐኪሙ ልጇን አህመዲንን ለብቻው ጠርቶ፣ «የመዳኑ ጊዜ አልፏል። ሕመሙን ግን ልናስታግስላት እንችላለን» አለው። ሐኪም ቤቱ የከተማው ሐኪም ቤት ነው፤ አስታማሚው አልጋ ሥር ይተኛል፣ አንሶላም ከቤት ይመጣል። ማስታገሻው የሚጠጣ ሞርፊን ነው። አንዳንዴ ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ያን ሰሞን ጥቂት ጠርሙስ መጥቶ ነበር፣ አንዱም ለሉባባ ደረሰ።

ሉባባ ከሞት ይልቅ የምታስበው ሌላ ነገር ነበራት። ሴት ልጇ ዙበይዳ ሳዑዲ ሰው ቤት ትሠራለች። ስትሄድ ተጣልተው ነው የተለያዩት። እናትየው «ከሄድሽ አትጥሪኝ» ብላ ሳትመርቃት ቀረች፣ ልጅቱም ያለ ምርቃት አውሮፕላን ተሳፈረች። አሠሪዋ ስልክ የምትሰጣት ጁምዓ ጁምዓ ብቻ ነው። ስለዚህ ሉባባ ጁምዓን ትጠብቃለች። በራሷ አንደበት ልትመርቃት፣ አውፍ፣ ይቅር ልትላት፣ እሷም አውፍ እንድትባል።

አህመዲን ግን ጠርሙሱን ሲያይ ፈራ። ይህ መድኃኒት ያፈዛል ሲባል ሰምቷል። ወደ መስጂዱ በረንዳ ሄዶ፣

«ሸህዬ፣ ሐኪሞቹ ለእናቴ የሚያደነዝዝ ነገር ሊሰጧት ነው። ምን ላድርግ?» አላቸው።

ሸህ አረቡ ደረሳዎቹን እያቀሩ ነበር። ኪታቡን ሳያጥፉ ቀና አሉ።

«ሰው ወደ ጌታው ሲሄድ አእምሮው ከሱ ጋር መሆን አለበት። ሸሃዳዋን ቢያስረሳትስ? ሕመም ወንጀልን ያረግፋል ልጄ። ሰብር አድርጊ፣ ቻይው በላት።»

ይኸው ነው። ሐኪም አልጠየቁም፣ እሷንም አልጠየቁም። ክፋት አልነበረባቸውም፤ የሰጡት የሚያውቁትን ነው። አህመዲን ተመልሶ ነርሷን ሲስተር እልፍነሽን፣ «ሸሁ አይሆንም ብለዋል» አላት። ነርሷ ብዙ ለመነችው፣ አሻፈረኝ አለ። ሉባባም «ሸህዬ ካሉ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ጁምዓ ደረሰ። ስልኩ ጮኸ። አህመዲን ጆሮዋ ላይ ያዘላት። ልጅቱ «እማ፣ እማዬ» ትላለች። ሉባባ አፏን ትከፍታለች፣ የሚወጣው ግን ሲቃ ነው። ድምፁ ልጇን እንዳያስደነግጣት የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎረሰች። ልጅቱ ጥቂት ጠብቃ፣ «አሁንም ተቀይማኛለች ማለት ነው» ብላ ዘጋች።

ሸህ አረቡ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በሽተኛ ሊጠይቁ የገቡት ይህ እንዳለፈ ነው። አህመዲን በሩ ላይ የስልኩን ነገር ነገራቸው። ሉባባን ሲያዩ አላወቋትም። አጠገቧ ቁጭ አሉና ሸሃዳዋን ሊያስብሏት፣ «ሉባባ፣ አይዞሽ። እስቲ ላ ኢላሃ ኢለላህ በይ» አሏት።

ሉባባ ጀመረች። ላ ኢላሃ ብላ ሕመሙ መጣባት፣ ጥርሷን ነከሰች። እንደገና ጀመረች፣ እንደገና ቆረጣት። ከዚያ ቀስ ብላ፣

«ሸህዬ፣ አላስጨርስ አለኝ» አለች።

ሸህ አረቡ መድኃኒቱ ምላሷን እንዳይወስድባት ብለው ነበር የከለከሉት። ሕመሙ ቀድሞ ወስዶታል። ተነሥተው ነርሷን ፈለጓት።

«ልጄ፣ ያንን መድኃኒት ስጪያት። ቃሌን አንስቻለሁ።»

«አልቋል ሸህዬ» አለች ሲስተር እልፍነሽ። «እምቢ ስትሉ ለሌላ በሽተኛ ሰጠነው። ያስቀመጥነው የለም።»

ሌላው በሽተኛ ከሉባባ ማዶ የተኛ ዋሴ የሚባል ገበሬ ነበር፤ በሽታው ጉበቱ ላይ ነው። ትራሱን ተደግፎ ሾርባ ይጠጣ ነበር፣ ነገሩን ሰማ።

«የእሷን ድርሻ የጠጣሁት እኔ ነኝ ለካ» አለ። «ከታች የቀረች ጉንጭ አለች። ውሰዱላት፣ እኔ ትናንት እንኳን ስቄያለሁ።»

«አይሆንም» አሉ ሸሁ። «አንዱን በሽተኛ አስጩኸን ሌላውን አናሳርፍም። ባጠፋሁት እኔ ልሂድ።»

ሐኪሙ ማዘዣ ጻፈላቸው። በነጋታው በሽማግሌ ጉልበታቸው ሚኒባስ ተሳፍረው ወደ ትልቁ ከተማ ሄዱ። እዚያም ቶሎ አልተገኘም፤ ከዚህ ሐኪም ቤት ወደዚያ ሲላኩ፣ ወንበር ላይ ሲያድሩ ቆይተው፣ ጠርሙሷን ጉያቸው ውስጥ ይዘው ተመለሱ። ሲስተር እልፍነሽ በትንሽ መስፈሪያ ለክታ አጠጣቻት።

ከሰዓት በኋላ ሉባባ ዓይኗን ገለጠች። አልፈዘዘችም። መጀመሪያ ሸሃዳዋን ከዳር እስከ ዳር አለች። ከዚያ አህመዲንን አየችውና፣ «አንተ፣ ሸሚዝህን ማን ነው እንዲህ የሚያጥብልህ? ሚስት አግባ ብዬህ ነበር» አለችው። ዋሴ ከማዶ ሳቀ። ሉባባም ሳቀች።

ወዲያው ግን፣ «ዛሬ ጁምዓ ነው?» አለች።

 ሸህ አረቡ ናቸው የመለሱት።

«አይደለም ሉባባ። አለፈ። ያሳለፍኩብሽ እኔ ነኝ። አውፍ በይኝ።»

 «አውፍ ብያለሁ» አለች። «የኔ ይቅር። የልጄን ግን ከራሷ ይጠይቋት። እንዲህ ይበሉልኝ፦ እናትሽ መርቃሻለች፣ የዝምታዋ ምክንያት ቂም አልነበረም።»

አህመዲን ስልኩን ሞከረ፣ ዝግ ነው። ደጋግሞ ሞከረ። ሉባባ ያንን ቀንና ተከታዩን እያወራች፣ ጎረቤቱን ሁሉ አውፍ እያለች ቆየች። ጁምዓ ሳይደርስ በእርጋታ ሄደች። አላህ ይዘንላት።

ጁምዓ ዕለት ለቅሶ ቤት ተዝያው ላይ ተቀምጠው ሳለ ስልኩ ጮኸ። ሰው ሁሉ ተያየ። በአገራችን ባሕር ማዶ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። የሉባባ ወንድም፣ «ተኝታለች በላት። በኋላ ስትመጣ ትሰማለች» አለ። ወደ ሸሁም ዞሮ፣ «እርስዎም ሸህዬ፣ ያንን የመድኃኒቱን ነገር አያንሱት። ማን ያውቃል? ስምዎት ነው» አላቸው።

«የተቀደደውን ወደ ውስጥ አዙሬ ሰቅዬ አላውቅም» አሉና እጃቸውን ለስልኩ ዘረጉ።

መርዶውን አስቀድመው ተናገሩ። አለቀሰች፣ እስክትጨርስ ጠበቋት። ከዚያ የእናቷን ቃል አደረሱ፤ ቀጥለው፣ «ያን ጁምዓ ዝም ያሰኛት ሕመሙ ነው። መድኃኒት ነበረ፣ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ሳልጠይቅ ፈረድኩ» አሏት።

ልጅቱ የመለሰችውን አጠገብ የነበሩት ሰምተውታል።

«ሸህዬ፣ አውፍ በይኝ ሊሉኝ ነው?»

«አዎ ልጄ።»

«ዛሬ አልችልም። በሌላ ጁምዓ ይጠይቁኝ።»

ከዚያ ወዲህ ሸህ አረቡ በየጁምዓው ከሶላት በኋላ አህመዲን ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ። ስልኩ ይጮኻል፣ ይጠይቃሉ፣ አንዳንዴ ታለቅሳለች፣ አንዳንዴ ስለ ሥራዋ ታወራቸዋለች። አውፍ እስካሁን አላለችም። ከዚያ ተነሥተው ሐኪም ቤት ይገባሉ፤ መድኃኒት የፈራ ቤተሰብ ካለ «እኔን እዩኝ» ይላሉ። ዋሴ በሞተ ጊዜ ቀብሩ ላይ ከዳር ቆመው ነበር።

ደረሳዎቹ አንድ ቀን፣ «ሸህዬ፣ እናትየው አውፍ ካለች ምን ያስጨንቅዎታል?» አሏቸው።

«ሰብርን ሰው በራሱ ጀርባ ይሸከመዋል እንጂ በሌላው ጀርባ ላይ አይጭነውም» አሉ። «አሁን የኔ ተራ ነው።»

እህቶቼ፣ ይህን ቃል ከሰማሁ ጀምሮ ልጄ ሲያለቅስ «አይዞህ፣ ቻለው» ማለት ይከብደኛል። መጀመሪያ የት ነው ያመመህ እላለሁ። ሰብር ትልቅ ነገር ነው፣ ወላሂ ትልቅ ነው፣ ግን ለታመመው ሰው የምንሰጠው መልስ ሆኖ ሲቀርብ እኛን ብቻ ነው የሚያሳርፈው፤ ተናግረን እንወጣለን፣ እሱ ከሕመሙ ጋር ይቀራል። መድኃኒቱ በአገራችን ጥቂት ነው፤ ያለችውንም በፍርሃታችን እንመልሳታለን። የታመመን ጠይቁት። ሰው የሚጠብቀው ቀን አለው፣ እኛ ግን የትኛው እንደሆነ አናውቅም።

አላህ የሉባባን ቀብር ያስፋላት፣ የዙበይዳን ልብ ያለዝብላት፣ ሸሁንም ያቺ ጁምዓ ሳትመጣ አይውሰዳቸው። አሚን።