ነጋዴውና የሚስቱ ሸክላ

አንድ የጨርቅ ነጋዴ ነበረ። ሚስቱ ልጃቸውን ትርንጎን በወለደች በዓመቱ ሞተችበት። ሴትየዋ በልጃገረድነቷ ከአንድ ዘፋኝ ኋላ ቆማ ትቀበል ስለነበር ድምፅዋ በአንድ የዘፈን ሸክላ ላይ ቀርቷል። በዘፈኑ መካከል ዘፋኙ ዝም ሲል እሷ አንዲት ስንኝ ለብቻዋ ታዜማለች። ከዚያች ስንኝ በቀር ከድምፅዋ የተረፈ የለም።

ነጋዴው ያችን ስንኝ በሰማ ቁጥር ቅር ይለው ነበር። ሚስቱ ከወፍራም መጋረጃ ኋላ ሆና የምታዜም ይመስለዋል። ስለዚህ አሮጌውን ማጫወቻ ሸጦ ከውጭ አገር ትልቅ የሸክላ ማጫወቻ አስመጣ። ቀጥሎ መርፌውን ለወጠ። መርፌውን የሚይዘውንም ክንድ በሌላ ተካ። ወለሉ ሲረገጥ እንዳይንቀጠቀጥ ከተቀመጠበት ጠረጴዛ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጠ፤ በውሃ ልክም አስተካከለው። አንድ ነገር ባሻሻለ ቁጥር በሩን ይዘጋና ያችኑ ስንኝ እየመለሰ ያጫውታል።

ትርንጎ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ የእናቷን ድምፅ እንዲያሰማት ትለምነው ነበር። እሱ ግን፣ "ትንሽ ታገሺ። እናትሽን ታፍና እንድትሰሚያት አልፈልግም" ይላታል። እውነቱን ነው። ለልጁ ጉድለት ያለበት ነገር መስጠት እንደ በደል ይቆጥረው ነበር።

ማጫወቻውን የሚያስተካክልለት ባለሙያ ቀልደኛ ሰው ነበር። አንድ ቀን ውሃ ልኩን አንስቶ፣ "ጋሼ፣ በዚህ ቤት ከዚህ ጠረጴዛ በቀር ያልዘመመ ነገር የለም" አለው። ሸክላውን ወደ መስኮቱ አዘንብሎ ሲያየው ግን ሳቁን ተወ።

"እያለቀ ነው። መርፌ ባለፈ ቁጥር ይፍቃል። ለመሞከሪያ ሌላ ሸክላ ይያዙ።"

"ሌላው ላይ እሷ የለችም" አለ ነጋዴው።

ዓመታት አለፉ። ትርንጎ ታጨች። እጮኛዋ ወዳለበት አገር ልትሄድ ሦስት ቀን ሲቀራት አባቷ ጠራት። ማጫወቻው አሁን አንድም እንከን አልነበረበትም። ወንበር ስቦ አስቀመጣትና መርፌውን አሳረፈ። የዘፋኙ ትንፋሽ ሳይቀር ጥርት ብሎ ተሰማ። ስንኟ ጋ ሲደርስ ግን አሸዋ ሲረገጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ብቻ ወጣ።

ነጋዴው አንገቱን ደፋ። እናቷን ሳትሰማት እንድትቀር ያደረጋት እሱ ራሱ መሆኑን ነገራት።

"ሰምቻታለሁ አባባ" አለችው። "እርስዎ በሩን ሲዘጉ እኔ በጓዳ በኩል ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ እሰማት ነበር። ቃሉ አይለይልኝም፤ ዜማውን ግን አውቀዋለሁ።"

"ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ከእርስዎ ጋር ተቀምጬ እስክሰማት እየጠበቅኩ ነበር።"

ዜማውን እንድታዜምለት ለመናት። አዜመች። እሱም ቃሉን በልቡ ይዞት ስለነበር ቀስ ብሎ አብሯት ገባ። ስንኟ ሞላች። ድምፁ ግን የእናትየዋ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ወዳጆቼ፣ የምንወደውን ነገር ለምንወደው ሰው ለማካፈል እንከኑ ሁሉ እስኪወጣለት ድረስ አንቆይ። እናሳምረዋለን ስንል እንጨርሰው ይሆናል። ታፍኖም ቢሆን አብረን የሰማነው ይሻላል። እስቲ ዛሬ ዙሪያችሁን ተመልከቱ፦ በእናንተስ ቤት ከግድግዳው ወዲያ ቆሞ የሚጠብቃችሁ ማን ነው?